ሶም ከካርታው ያስቀረችው ዳርቻ

ጎረቤቴ ሶም ኬሮፖክ ሻጭ ናት። ዓሣ ወቅጣ ከዱቄት ጋር ታቦካለች፣ በመዳፏ እያሽከረከረች ረዘም ረዘም አድርጋ ትጠቀልልና ትቀቅለዋለች። በመንደራችን በኩዋላ ቤሪስ ከእሷ ድስት ያልበላ ሰው የለም። ዓሣው ያደረ ከሆነ «ዛሬ አይሆንም፣ ሂዱና ነገ ኑ» ብላ ገዢ ከደጃፏ ትመልሳለች። ባሏ በሕይወት ሳለ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ አፍሽ እያለ አያልፍልንም» እያለ ይስቅባት ነበር። ሁለት ሰው በአጥር ሲጣላ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሶም ምን አለች?» ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ያደረገችው ነገር ለምን እንደዚያ እንዳሳመማት እንዲገባችሁ ነው። መዋሸት የለመደ ሰው ቢሆን ኖሮ እንቅልፉን ለጥጦ ያድር ነበር።

አባቷ ባሕር ላይ ሲቀር ገና ሕፃን ነበረች። ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ጁሶህ ነው፤ እሱም ያኔ ጢም አላወጣም። በአዘቦት ውኃ ውስጥ ከሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ሥር ዛጎል እየለቀመ፣ በወራቱ ደግሞ የቱንቱንግ እንቁላል እየቆፈረ አበላት፣ አስተማራት፣ ዳራት። ቱንቱንግ የምንላት የባሕር ዳሯ ኤሊ ናት። ኑሮዋ ወንዙ ከባሕሩ በሚቀላቀልበት በማንግሮቩ ውስጥ ነው፤ እንቁላል ልትጥል ግን ወደ አሸዋው ትወጣለች። የመራቢያው ጊዜ ሲደርስ የወንዱ ራስ ነጭ ይሆንና በዓይኖቹ መካከል ቀይ መስመር ይወጣለታል። ሽማግሌዎቻችን ያኔ «ሙሽራው ቆቡን ደፋ» ይላሉ።

በጁሶህ ወጣትነት እንቁላሉን መልቀም ነውር አልነበረም፤ ዳርቻው በፈቃድ ለለቃሚ ይከፋፈል ነበር። ዛሬ ክልክል ነው፤ ኤሊዎቹም ከማለቅ አፋፍ ደርሰዋል። ብዙዎቻችን ተውን። ጁሶህ አልተወም። ከወንዙ ማዶ ታንጆንግ ሲፑት የሚባል፣ ሸውሸዌ ዛፍ የበቀለበት የአሸዋ ምላስ አለ። ወደዚያ ሲቀዝፍ ስናየው መረብ ሊጥል የሚሄድ ይመስለን ነበር። ኤሊዎቹ ሌላውን ዳርቻ ሁሉ ትተው እዚያ እንደሚወጡ የሚያውቁት እሱና እህቱ ብቻ ነበሩ።

ዶክተር ሐኒም የመጣችው የዝናቡ ወራት ሊያበቃ ሲል ነው። ከከተማ የመጣች፣ ቀጭን፣ ፀሐይ የማትፈራ ልጅ። ማደሪያ ስትፈልግ የመንደሩ ሹም ወደ ሶም ላኳት። በመጀመሪያው ሳምንት «እርስዎ» ስትላት ሰነበተችና፣ ዓሣ አብረው መውቀጥ ሲጀምሩ «አንቺ» ሆነ፤ «ካክ ሶም» ትላታለች፣ ታላቅ እህቴ ሶም እንደማለት። ኬሮፖክ ለመጠቅለል ግን እጇ እምቢ አላት።

«ይሄ ኬሮፖክ ነው ወይስ የታመመ ጣት?» አለቻት ሶም አንድ ቀን።

«ብዪው እንጂ ስለ ቅርፁ ምን አገባሽ!»

«ዶክተር ነኝ ትያለሽ አይደል? አክሚው እንጂ!»

«እኔ የኤሊ ዶክተር ነኝ ካክ ሶም። የጣት አይደለሁም።»

ሶም ልጅ አልወለደችም። ልጅቷ ከዳርቻ ስትመለስ እግሯን የምትታጠብበት ውኃ ቀድማ ትቀዳላት ነበር፤ የዓሣውን ሆድ ዕቃ ራሷ በልታ ሥጋውን ለሐኒም ትተውላታለች። እኛም «ሶም ዶክተር ወለደች» እያልን እንቀልድ ነበር።

ሐኒም ሥራዋ ካርታ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሯን ምንጣፉ ላይ ዘርግታ ለሶም አሳየቻት።

«ይሄ ቀዩ ምንድነው?»

«ለኤሊዎቹ የሚመች ቦታ። አሸዋው ምን ዓይነት ነው፣ ተዳፋቱ ስንት ነው፣ ከወንዙ አፍ ምን ያህል ይርቃል፣ መብራት ያስቸግራል ወይ፤ ከሳተላይት ያገኘነውን ሁሉ ይደምርና ይቀባዋል። ግን እሱ የሚያየው ከላይ ነው። እኔና አንቺ በእግራችን ሄደን ልክ ነው፣ አይደለም እንላለን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ለአውራጃው ይገባል። ቀይ የሆነው ይከለላል። ያልሆነው…» ትከሻዋን ሰበቀች። «ለጠየቀ ሁሉ ክፍት ነው።»

ይህን ቃል ሶም ሰምታዋለች። ኋላ ሁሉንም ስታወራኝ፣ «አልሰማሁም ብዬ አንቺንም ልዋሽሽ?» አለችኝ። «ሰምቻለሁ። ግን ወንድሜን እያሰብኩ ነበር።» ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ከሁሉም አድምቆ የቀባው ታንጆንግ ሲፑትን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጁሶህ ቤት ሄደች። እሱም ከቤቱ ወለል ሥር፣ ከምሰሶዎቹ መካከል ተቀምጦ መረብ ይጠግናል።

«ያቺ ልጅ ወደ ማዶ ልትሻገር ነው አሉ» አላት ቀና ሳይል።

«በዚህ ሳምንት።»

«ምን ልትያት ነው?»

«ያለውን ነዋ፣ አባንግ» አለችው፣ ወንድም ጋሼ እንደማለት።

«ያለውን!» መረቡን ጉልበቱ ላይ አሳረፈው። «ሶም፣ ሌላው ሁሉ ይከለል፤ ደግ አደረጉ። መቼ ተቃወምኩ? አላህ ሰፊ ዳርቻ ሰጥቷል። አንዷን ተዪልኝ። ወገቤ መረብ አልጎትት ብሎኛል፤ የት ሄጄ ልብላ?»

«እኔ ጋ ትበላለህ።»

«የእህቱን ድስት የሚጠብቅ ወንድ ልታደርጊኝ?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካርታው ላይ ከገባች ዘበኛ ይቆማል። ዘበኛ ከቆመ እኔን ይይዙኛል። በዚህ ዕድሜዬ እስር ቤት! ያጎረሰሽን እጅ አታሳስሪው፣ እህቴ።»

ሶም ዝም ብላ መሄዷን እሺታ አድርጎ ቆጠረው፤ እሷም አላረመችውም።

ባሕሩን የምታውቅ ሴት ናት። ሐኒም «መቼ እንሻገር?» ስትላት፣ የባሕሩ ሙላት ከወሩ ሁሉ የሚበረታበትን ጠዋት መረጠች። ዝናቡ ገና መውጣቱ ስለነበር ማዕበሉ ዳርቻውን ገምሶታል፤ ግንድና ቆሻሻ ሸውሸዌዎቹ ሥር ተከምሯል። በጀልባ ሲጠጉ፣ ያ ሰፊ አሸዋ የለም። ጠባብ፣ የተቆረሰ፣ ውኃ የሚልሰው ጠርዝ ብቻ ነው የቀረው።

ሐኒም ወረደችና አሸዋውን በእጇ አፈሰች፤ ጣቶቿ መካከል አሸችው።

«አሸዋው ጥሩ ነው እኮ። ውኃው ሲሸሽ አንድ ጊዜ ተመልሰን እንየው?»

«ምን ልታዪ?» አለች ሶም። «ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ሙላቱ ይበላዋል። እንቁላል ቢጣልበት ይበሰብሳል።»

«አንድም ዱካ አይተሽ አታውቂም? በልጅነትሽ እንኳን?»

«ተወልጄ ያደግሁት እዚህ ነው። አላየሁም።»

ሐኒም ለረጅም ጊዜ ዛፎቹን አየች። ከዚያ፣ «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለችና ወደ ጀልባዋ ተመለሰች። «አንቺ ካልሽ» የሚለው ቃል ሶምን እንደ እሾህ ወጋት። መቅዘፊያውን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው፤ ልጅቷ የደከማት መስሏት ተቀበለቻት።

ካርታው ባለቀ ጊዜ በመንደሩ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ከአውራጃው ሹማምንት መጡ፤ ሴቶቹ ናሲ ዳጋንግ የሚባለውን ሩዝ በዓሣ ወጥ ሠርተን በሙዝ ቅጠል ጠቀለልን። እኔ ከሶም አጠገብ ነበርኩ። ሐኒም ግድግዳው ላይ ካርታውን እያሳየች ቦታ ቦታውን ተናገረች፤ ታንጆንግ ሲፑት ጋ ስትደርስ ቆመች።

«እዚህ ላይ ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነበር» አለች። «በጣም ተስማሚ ነው ብሎን ነበር። ያረመችን ካክ ሶም ናት። ከላይ የሚያይ ማሽን፣ እዚህ ተወልዶ ያደገን ሰው ዓይን አይተካም። የመንደር ሰው ስሙ የምላችሁ ለዚህ ነው።»

ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ሶምን በክንዴ ጎሰም አድርጌ፣ «ተነሺ እንጂ፣ እጅ ንሺ!» አልኳት። ፊቷ አመድ መስሏል። ተነሥታ የሄደችው ግን ወደ ውጭ ነው። ሙቀቱ የጣላት መስሎኝ ውኃ ይዤ ብከተላት፣ ከአዳራሹ ጀርባ የሙዝ ግንድ ተደግፋ ታስመልሳለች።

«ናሲው ነው?» አልኳት።

«አዎ፣ እሱ ነው» አለችኝ። አንድ ውሸት ሌላውን እየጠራ መምጣቱ ነው።

ሐኒም ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ ከተማ ተመለሰች። በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ሶም ስልኩ ሲጮህ እያየችው አታነሣውም። ሰላም የሚነሣት ሰው ሲያመሰግናት ነበር። «የእኛዋ መምህርት!» ይሏታል ገዢዎች፤ እሷ ጨው ትደግማለች፣ ወይም ጭራሹን ትረሳለች። ጁሶህ በዚያ ወራት እንቁላል ይዞላት መጣ፣ እንደ ልጅነታቸው። ድስት ውስጥ ጣደችው፤ አውጥታ ግን መብላት አልቻለችም። ጉድጓድ ቆፍራ ከጓሮ ቀበረችው።

ዓመቱ ዞሮ ዝናቡ እንደ አባራ፣ አንድ ጠዋት የከባድ ሞተር ድምፅ ከማዶ ሰማን። በሰፊ የጭነት ጀልባ የተጫነ ኤክስካቫተር ተሻገረ፤ ቀጥሎ ሌላ። የሽሪምፕ ኩሬ የሚቆፍር ድርጅት ነው። ለአውራጃው አመለከተ፤ አውራጃው ካርታውን ዘርግቶ አየ፤ ታንጆንግ ሲፑት ቀይ አይደለም። ማን ምን ብሎ ይከልክል? ሸውሸዌዎቹ በሁለት ቀን ወደቁ።

ጁሶህ ወደ ሶም ቤት ሲሮጥ አየሁት። ሮጦ አያውቅም። እኔም ክፉ ነገር የደረሰ መስሎኝ ተከተልኩት፤ ሶም ከምድጃው አጠገብ ቆማለች።

«እያረሱት ነው!» አላት። «አሸዋውን እየዛቁት ነው! ለምንድነው ያልነገርሻት?»

«አንተ አይደለህ አትንገሪ ያልከኝ?»

«እኔ እንቁላል ልልቀም አልኩ እንጂ ዳርቻውን ይግደሉት አልኩ? አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ይህ እንደሚመጣ እኔ በምን አውቃለሁ?»

«እኔ አውቅ ነበር» አለች ሶም።

እኔም ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሽማግሌው መሬት ላይ ቁጢጥ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሶም ምድጃውን አጠፋች፤ ልብሷን ለወጠች። ለሐኒም ኬሮፖክ ልትይዝ በጋዜጣ ጠቅልላ ነበር፤ ከበሩ ላይ ተመልሳ አስቀመጠችው። «ጉቦ መሰለብኝ» አለችኝ በኋላ። ባዶ እጇን አውቶቡስ ተሳፈረች።

ሐኒም ቢሮ በር ላይ ስታያት ዘልላ አቀፈቻት። «ካክ ሶም! ስልክ የማታነሺው ለምንድነው? ታመሽ ነበር?»

«አትቀፊኝ» አለቻት ሶም። «መጀመሪያ ስሚኝ።»

ቆማ ነገረቻት። የሙላቱን ቀን መርጣ እንደወሰደቻት፣ በልጅነቷ ዱካውን እየተከተለች እንዳደገች፣ ስለ ወንድሟ፣ ስለ ኤክስካቫተሩ። አልቀባችም፣ አልቀነሰችም። ሐኒም ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«አሸዋው እጄ ላይ ነበር» አለች። «ልመለስ ብዬ ነበር። ኮምፒውተሩም ልክ ነበር፣ እጄም ልክ ነበር። ሁለቱንም ጥዬ የእርስዎን ቃል ያዝኩ።»

ሶም «እርስዎ» የሚለውን ሰማች።

«ስደቢኝ» አለቻት።

«ብሰድብዎ ምን ይሆናል? እኔ በሄድኩበት ሁሉ የመንደር ሰው ይሰማ እያልኩ ነው የምከራከረው። ከነገ ጀምሮ መስማት ያልፈለገ ሁሉ ይህን ታሪክ ያወራል። ሌላ መንደር ያለች፣ እውነቷን የምትናገር ሴት አትታመንም፤ በእርስዎ ምክንያት።» ከዚያ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ወደ ሥራዋ ገባች። «ለማስቆም ማስረጃ ያስፈልገኛል። ኤሊዎቹ እዚያ መውጣታቸውን በዓይኑ አይቶ የሚመሰክር ሰው።»

ያ ሰው አንድ ብቻ ነበር።

ጁሶህ መጀመሪያ አሻፈረኝ አለ። «በገዛ አፌ ራሴን ላሳስር?»

«እኔ በገዛ አፌ ዳርቻ አሳርሻለሁ» አለችው ሶም። «አባንግ፣ አልለምንህም። በአንተ ፈንታ ብመሰክር ነበር ደስ የሚለኝ፤ ግን የእኔን ቃል ከእንግዲህ ማን ይቀበላል?»

በማግስቱ ማለዳ ግን ለዓርብ ሶላት የሚያስቀምጠውን ኮፍያ አድርጎ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከጀልባው አጠገብ ቆሞ አገኘነው። ሐኒም፣ የአውራጃው ሹምና የድርጅቱ ተወካይ ተሳፈሩ። ሶም ቀዘፈች፤ ማንም አላናገራትም።

የታንጆንግ ሲፑት መካከሉ የለም። ሸውሸዌ የነበረበት ቦታ ጭቃና የውኃ ጉድጓድ ነው። ጫፉ ብቻ፣ ወደ ወንዙ አፍ ያለው ምላስ፣ ገና አልተነካም። ጁሶህ አሸዋውን በእንጨት እየወጋ ሄደ፤ ቆመ፤ ተንበረከከና በመዳፉ ጫረ። ረዘም ረዘም ያሉ ነጭ እንቁላሎች ብቅ አሉ፤ የኤክስካቫተሩ ሰንሰለት ያለፈበት ከአጠገባቸው ነበር።

«እንዴት አወቅህ?» አለው ሹሙ።

«ስለቅማቸው ነው የኖርኩት።»

«ክልክል እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ሰርቄ ነው የኖርኩት ካልኩህ ይበቃሃል?» አለው ጁሶህ።

የድርጅቱ ተወካይ ሳቀ። «ባለፈው ኤሊ የለም ብለው መሰከሩ፤ ዛሬ አለ ይላሉ። የእነዚህን ሰዎች ቃል ይዛችሁ ሥራ ልታስቆሙ ነው?» ሶምን እያየ ነው የተናገረው። እሷም አቀርቅራ ሳይሆን ዓይን ዓይኑን እያየችው ሰማችው። «ልክ ነው» አለችው። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። እንቁላሎቹ ግን አልዋሹም።»

ጫፉ ተረፈ። አውራጃው ቁፋሮው ከዚያ እንዳያልፍ አገደ፤ የተቆፈረው ግን ተቆፍሯል፣ ኩሬው ዛሬም ሽሪምፕ ይረባበታል። ጁሶህን በማስጠንቀቂያ ለቀቁት፤ ዓመት ሳይሞላው ታመመና ሶም ቤት ተኝቶ፣ በእሷ እጅ እየጎረሰ ሞተ። ሐኒም ደግሞ ሶም ያረጋገጠቻቸውን ቦታዎች በሙሉ እንደ ገና በእግሯ እንድትዞር ታዘዘች። በዚያ ሐሩር፣ ከሌላ መንደር በመጣ ሰው እየተመራች፣ ዳርቻ ለዳርቻ ስትንከራተት ሶም ከደጃፏ ታያታለች። ያረፈችው መምህሩ ቤት ነው። ሶም ውኃ ቀድታ በእኔ እጅ ላከችላት፤ ሐኒም አመስግና ጠጣች፣ ወደ ቤቷ ግን አልመጣችም።

እኛ የመንደሩ ሰዎች ቶሎ ይቅር አልናት። «ለወንድሟ ብላ ነው፤ ማን አያደርገው?» ተባለ። ይህን ስትሰማ ትቆጣለች። «ለወንድሜ ብዬ ብቻ አይደለም» አለችኝ አንድ ጊዜ። «ከእሱ ጋር መጣላት ፈርቼ ነው። አንድ ቀን ተኮርፌ ብውል ይሻል ነበር።»

አሁን ወራቱ ሲደርስ ጎህ ሲቀድ ትሻገራለች፤ አንዳንዴ አብሬያት እሄዳለሁ። ያገኘችውን እንቁላል ሳታገላብጥ በአሸዋ በተሞላ ባልዲ አድርጋ፣ ሐኒም ወዳሠራችው የታጠረ መፈልፈያ ታደርሳለች። ዘንድሮ አንዲት ትልቅ ቱንቱንግ ውኃ ዳር አገኘን። ጫፉ ላይ ሰፊ አሸዋ እያለላት አልፋው፣ ቀድሞ ሸውሸዌዎቹ ወደነበሩበት ወጣች። የኩሬው ግንብ ገጠማት። በአፍንጫዋ ነካችው፤ ወደ ግራ ሄደች፤ ወደ ቀኝ ሄደች፤ እንደገና ነካችው። በመጨረሻ ከግንቡ ሥር፣ ሙላት በሚደርስበት እርጥብ ቦታ ትቆፍር ጀመር።

«እንመልሳት?» አልኳት።

«አይሆንም። ከጀመረች አትነካም።» ሶም ራቅ ብላ በጉልበቷ ተቀምጣ ጠበቀች። ኤሊዋ ጨርሳ፣ አሸዋውን በሆዷ መትታ፣ ወደ ውኃው እስክትገባ ድረስ ከቦታዋ አልተነሣችም። ከዚያ ተጠግታ መቆፈር ጀመረች፤ ጥፍሯ ውስጥ ጭቃ ገባ።

«እናቷም እዚህ ነው የወጣችው መሰለኝ» አለችኝ። «ማን ይነግራታል?»

ባልዲውን ያዝኩላት። ፀሐይዋ እየበረታች ስለነበር እንቁላሎቹን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈንናቸውና ቶሎ ቶሎ ቀዘፍን።